ማር ይጣፍጣል፣ ጥርስ ግን አያጸዳም

ውድ የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች!

ፊደል ለይታችሁ ማንበብ በመጀመራችሁ እንኳን ደስ ያላችሁ። የዛሬው ንግግራችን ከቀፎ ስለሚገኙ ሦስት ነገሮች ነው። እነርሱም ማር፣ ሰምና የንብ ሙጫ ናቸው። ለአፍና ለጥርስ ይጠቅማሉ ወይስ ይጎዳሉ?

እኛ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ የምንኖር ሰዎች ማር እናውቃለን። ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ ንቡ ሥራ ይይዛል። በኅዳር ማር ይቆረጣል። ያን ጊዜ ልጅ አዋቂው ይልሳል።

ማር ለሳል ደግ ነው። ነገር ግን ከ100 እጅ 80 ያህሉ ስኳር ነው። በአፋችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጀርሞች አሉ። ጀርሞቹ ስኳር ሲያገኙ አሲድ የሚባል ኮምጣጣ ነገር ያወጣሉ። ጥርስን የሚቦረቡረው ይህ አሲድ ነው እንጂ ትል አይደለም።

ስለዚህ በተቦረቦረ ጥርስ ላይ ማር አታድርጉ። ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ልጅ እንዲተኛ ብላችሁም ማር አታልሱት። ሌሊት ምራቅ ስለሚቀንስ ማሩ ከጥርሱ ላይ ያድራል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ማር ፈጽሞ አይሰጥም። በብርቱ ሊያሳምመው ይችላል።

ሰምስ? ሰም ውርጭ ለሰነጠቀው ከንፈር ይሆናል። አንድ ማንኪያ ንጹሕ ሰም ከሦስት ማንኪያ ዘይት ጋር በጣሳ አድርጉ። ጣሳውን በፈላ ውኃ ውስጥ አስቀምጡ። ሰም እሳት ስለሚይዝ በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱት። ሲቀዘቅዝ ከንፈራችሁን ተቀቡ።

የንብ ሙጫ ንቦች ከዛፍ ለቅመው የቀፎውን ስንጥቅ የሚደፍኑበት ነው። ጀርም የመግደል ኃይል አለው። በልዩ ልዩ አገሮች በጥርስ ሳሙናና በአፍ መጉመጥመጫ ውስጥ ይጨምሩታል። ሆኖም አንዳንድ ሰው ሲነካው ያሳክከዋል፣ ያብጣል። ስለዚህ በቤት አትቀምሙት።

ታዲያ ጥርስን የሚያጸዳው ምንድን ነው? መፋቂያ ነው! የወይራ እንጨት ቁረጡ። ጫፉን አኝካችሁ እንደ ብሩሽ አድርጉት። ጥርሳችሁን በውጭም በውስጥም ቀስ ብላችሁ ፋቁ። ጧት ፋቁ፤ ማታ ከመተኛታችሁ በፊትም ፋቁ። ብሩሽና የጥርስ ሳሙና ካገኛችሁ፣ ፍሎራይድ ያለበትን ሳሙና ምረጡ። ማር ከበላችሁ ወይም ጠጅ ከጠጣችሁ በኋላ አፋችሁን በውኃ ተጉመጥመጡ።

ዛሬ ማታ ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ጎረቤት አንብቡለት። ልጆቻችሁም ይስሙት።