መስኮቱን ማን ይከፍተዋል?

(በተመራቂዎች መገናኛ ዕለት የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው "ዶክተር፣ ትንሽ ደቂቃ እንሰጥሻለን፤ የፈለግሽውን ተናገሪ" ሲሉኝ "ስለ መስኮት እናገራለሁ" አልኳቸው። ከወዲያ በኩል ትንሽ ዝምታ ሆነ፤ ከዚያ "የኮምፒውተሩን ነው?" የሚል ጥያቄ መጣ። አይደለም። እጀታ ስላለው፣ ማጠፊያ ስላለው፣ ገፋ ሲያደርጉት ተበርግዶ ንፋስ ስለሚያስገባው መስኮት ነው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ መኪናዬን ለገሃር አካባቢ አቁሜ ቸርችል ጎዳናን በእግሬ ሽቅብ ወጣሁት። ተማሪ ሳለን ይህን ዳገት ስንቴ ወጥተነዋል! ከፈተና መልስ ቶሞካ ቆመን ቡና ለመጠጣት፣ ወይ ፒያሳ ጫማ ለማየት፣ ኪሳችን ባዶ ሲሆን ደግሞ እንዲሁ እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ወጥቶ ለመመለስ። ዛሬ ግን እያንጋጠጥኩ የተከፈቱ መስኮቶችን ስቆጥር ነበር። አዲሶቹ ባለ መስታወት ሕንፃዎች ላይ አብዛኛው መስታወት አይከፈትም፤ የሚከፈተውም ከታች በኩል ስንዝር ያህል ገፋ ብሎ ይቆማል። አሮጌዎቹ ፎቆች ላይ ግን ባለ ሁለት ተካፋቹ መስኮት ግራና ቀኝ ተበርግዶ፣ መጋረጃው ወደ ውጭ ሲውለበለብ አየሁ። አያቴ ትዝ አለችኝ።

አያቴ ፒያሳ፣ የድሮ ፎቅ ላይ ነበር የምትኖረው። የሳሎኑ መስኮት ከእኔ ቁመት እጥፍ ይበልጣል፤ ሁለቱን ክንፎች አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ አይደርስባቸውም። ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሳ መጀመሪያ ማተቧን ትስማለች፣ ቀጥላ "ቤቱ ይተንፍስ" ብላ መስኮቱን ትከፍታለች። መካከል ላይ አንዲት የነሐስ እጀታ አለች። እሷን ስታዞር አንደኛው ዘንግ ከላይ ካለው ቀዳዳ ይወርዳል፣ ሌላው ከታች ካለው ይወጣል፤ መስኮቱ በአንዴ ከሁለት ቦታ ይለቃል። በልጅነቴ ይህ አስማት ነበር የሚመስለኝ። በኋላ ሲፈታ ሳየው፣ እጀታዋ ሥር አንዲት ጥርስ ያላት ክብ ብረት ነበረች፤ ግራና ቀኝ የያዘቻቸውን ሁለት ዘንጎች አንዱን ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች ትልካለች። ያች ናት በቃ። አያቴ ለበዓል ቤት ስትጠርግ ከስፌት መኪናዋ ዘይት ሁለት ጠብታ ለእጀታው፣ አንዳንድ ጠብታ ደግሞ ለየማጠፊያው ታንጠባጥባለች። መስኮቱ ከእኔም ከእናቴም በዕድሜ ይበልጥ ነበር፤ አንድም ቀን "አልከፈትም" ሲል አልሰማሁም። ያ ቤት ዛሬ የለም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ።

አሁን ወደ ሥራችን ልምጣ። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ደስ የሚል አይደለም።

ከተመረቅን ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ባለ አንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ዎርድ ኃላፊ ነበርኩ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ አያስፈልግም። ሕንፃው የድሮ ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በየክፍሉ ሁለት ሰፋፊ መስኮቶች ያሉት። ከእነሱ በላይ፣ ጣሪያው ሥር፣ ከታች ሆኖ በእጀታ እየተጠመዘዘ የሚከፈት የአየር መስኮት አለ። በአንደኛው ክፍል የትልቁ መስኮት አንድ ክንፍ ዘመመ። ሲከፈት የሚይዘው ማገቻ ብረት ከጠፋ ቆይቷል፤ ንፋስ በመጣ ቁጥር ይላተማል፤ ሁለት መስታወት ሰበረ። ሕመምተኞቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው "ዶክተር፣ ብርድ ገደለን" ይሉኛል። የቻርት ወረቀትም ይበተናል። አንድ ቀን ራውንድ ላይ ተናደድኩና የጥገናውን ሠራተኛ ጠርቼ "በምስማር ምታው" አልኩት። እሱ እንኳ "ዶክተር፣ ማጠፊያ ቢቀየር ይሻላል" ብሎኝ ነበር። "ለጊዜው ነው" አልኩት።

"ለጊዜው" አሥራ አራት ወር ቆየ።

በአሥራ አራተኛው ወር አንዲት ኢንተርናችን ሳል ጀመራት። ከዲዩቲ ብዛት ነው አልን። ከሳች፤ ከዲዩቲ ብዛት ነው አልን። በመጨረሻ አክታዋ ተመረመረ፤ ቲቢ ነው፣ ያውም መድኃኒት የተላመደ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ያኔ ሕክምናው ሁለት ዓመት ገደማ ነበር፣ የመጀመሪያዎቹ ወራት በየቀኑ መርፌ። መርፌው ጆሮዋን ጎዳው። የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት የመሆን ሕልም ነበራት፤ በስቴቶስኮፕ ሳንባ ማዳመጥ ሲያቅታት ፓቶሎጂ ተማረች። ዛሬ ጎበዝ ፓቶሎጂስት ናት። ይህን እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ "ስሜን ብቻ አትጥሪ" ብላለች።

ከየትኛው ሕመምተኛ፣ በየትኛው ቀን እንደያዛት ማረጋገጥ አልችልም። ሌላ ቦታም ይዟት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የሆነውን ለመመርመር ተሰብስበን ስለ ማስክ፣ ስለ ምርመራ መዘግየት፣ ስለ አልጋ እጥረት ብዙ ከተነጋገርን በኋላ፣ እስከዚያ ዝም ብላ የቆየች አንዲት ሲስተር "ዶክተር፣ መስኮቱስ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ሮድ ኤስኮምብና ባልደረቦቹ በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ፣ በስምንት ሆስፒታሎች የሚገኙ 70 ክፍሎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡትን ጽሑፍ ያላነበባችሁ ካላችሁ አንብቡት። መስኮትና በር ሙሉ በሙሉ ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ይለወጥ ነበር፤ በማሽን አየር በሚገባባቸው ክፍሎች ግን 12 ጊዜ። የበለጠ የገረመኝ ሌላው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950 በፊት የተሠሩት፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ሰፊ የሆኑት አሮጌ ዎርዶች በሰዓት 40 ጊዜ ሲደርሱ፣ መስኮት ከፍተው የሚጠቀሙት አዳዲሶቹ ክፍሎች 17 ላይ ቀሩ። አጥኚዎቹ በቀመር ሲያሰሉት፣ ሕክምና ካልጀመረ የቲቢ ሕመምተኛ ጋር 24 ሰዓት ከሚቆዩ ሰዎች በአሮጌዎቹ ክፍሎች 11 በመቶ፣ በአዳዲሶቹ 33 በመቶ፣ በማሽኖቹ ክፍሎች ደግሞ 39 በመቶ ይያዛሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ፣ በተፈጥሮ አየር ለሚጠቀም ተራ ዎርድ ለአንድ ሕመምተኛ በሰከንድ 60 ሊትር አየር፣ በአየር የሚተላለፍ በሽታ ላለበት ክፍል ደግሞ 160 ሊትር እንዲኖር ይመክራል።

ንፋስ የሌለበት ቀን መኖሩን አውቃለሁ። መስኮት ምርመራንም፣ መድኃኒትንም፣ ማስክንም አይተካም። እኔ ግን በምስማር የዘጋሁት ሌሊትና ቀን ያለ መብራት፣ ያለ ነዳጅ ይሠራ የነበረን መከላከያ ነው።

ታዲያ ሰፊ መስኮት ለምን ይበላሻል? ይህንንም ከባለሙያ ተማርኩ። አንድ ክንፍ 30 ኪሎ ቢመዝንና 1 ሜትር ቢሰፋ፣ ክብደቱ ከማጠፊያው ግማሽ ሜትር ርቆ ይጎትታል። ሁለቱ ማጠፊያዎች በ1.5 ሜትር ቢራራቁ፣ የላይኛው ማጠፊያ በ10 ኪሎ ያህል ጉልበት ወደ ጎን እየተሳበ ከእንጨቱ ለመነቀል ይታገላል። የክንፉን ስፋት 2 ሜትር አድርጉት፤ ክብደቱ 60 ኪሎ ይሆናል፣ ርቀቱም እጥፍ ይሆናል፣ ጉተታው 40 ኪሎ ይደርሳል። ስፋቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ሸክሙ አራት እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ ሰፊ መስኮት ጠንካራ ማጠፊያ፣ ሲከፈት የሚይዘው ማገቻ፣ በየጊዜው ደግሞ ዘይት ይፈልጋል። ማገቻው ከጠፋ ንፋሱ መስኮቱን እንደ መዶሻ ይመታዋል፤ ቡሎኑ ይላላል፣ ክንፉ ይዘማል፣ ከታች ከጣውላው ጋር ይፋተጋል፤ ከዚያ የሚከፍተው ሰው ይጠፋል።

ከላይ ያሉት በእጀታ የሚጠመዘዙት ደግሞ ሌላ ብልሃት ናቸው። እጀታው የሚያዞረው እንደ ቡሎን ጠመዝማዛ ጥርስ ያለው አጭር ዘንግ ነው። ዘንጉ ጥርስ ያለውን ክብ ብረት ቀስ እያለ ይገፋል፣ ክቡ ብረት መስኮቱን የሚገፋውን ክንድ ያንቀሳቅሳል። እጀታው ብዙ ዞሮ መስኮቱ ትንሽ ስለሚሄድ አንዲት ነርስ ከባዱን መስኮት ከታች ቆማ በአንድ እጇ ትከፍተዋለች። ንፋስ ቢገፋው ደግሞ ክንዱ ዘንጉን ወደ ኋላ ማዞር አይችልም፤ መስኮቱ በተተወበት ይቆማል። በጣም ጥሩ መሣሪያ ነው፣ እጀታው እስካለ ድረስ። የእኛ ዎርድ አሥራ አንድ እንዲህ ያሉ መስኮቶች ነበሩት። የተረፈው እጀታ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ? አንድ። እሱም እንዳይጠፋ ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል!

ምስማሩን ነቀልን። አናጢ ጠርተን የዘመመውን ክንፍ በሁለት ፈንታ በሦስት ማጠፊያ አሰቀልነው። ብየዳ ቤት ከፌሮ ማገቻ አሠራን። ቶርኖ ቤት አሥር እጀታ አስቀረጽንና ሁሉንም እያንዳንዳቸውን በየመስኮታቸው በሰንሰለት አሰርናቸው። ወጪው ከዎርዱ የአንድ ወር የጓንት ወጪ ያነሰ ነበር። ምስማር ያስመታሁት ሠራተኛ ሥራውን ሲጨርስ ምንም አልተናገረኝም። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ከብረቱ ይልቅ የከበደው ብርዱ ነበር። ታክሲ ውስጥ "መስኮቱን ዝጉልኝ፣ ነፋስ ያመኛል" ሲባል የምንሰማ ሰዎች ነን፤ እናቶቻችንን በሊማ ጥናት አናሳምናቸውም። እኛም አልሞከርንም። አልጋዎቹን ከመስኮቱ ፈቀቅ አደረግን፣ ብርድ ልብስ ጨመርን፣ ሌሊት ትልቁን ዘግተን የላይኛውን ክፍት ተውን። ያቺው ሲስተር ለሕመምተኞቹ ስታስረዳ የሰማሁትን እስከ ዛሬ እደግመዋለሁ፦ "ብርዱ የሚመታው ገላችሁን ነው፤ ይህ በሽታ የሚገባው በትንፋሽ ነው። ገላችሁን እንሸፍናለን፣ ክፍሉን እንከፍታለን።" ከዚያ በኋላ አንድ አዛውንት የመስኮቱ ዘበኛ ሆኑ፤ የዘጋ ሰው ካለ ራውንድ ላይ ስሙን ይነግሩኝ ነበር።

በመጨረሻ በነርሶች የተራ መቀባበያ ወረቀት ላይ አንዲት መስመር ጨመርን፦ "መስኮት"። ጠዋት አንድ ሰዓት ማን ከፈተ፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት የቱ ተዘጋ፣ የትኛው እጀታ ጠነከረ። እስከዚያ ድረስ መስኮቱ የጥገናም፣ የነርሶችም፣ የሐኪሞችም ነበር፤ ስለዚህ የማንም አልነበረም።

እዚህ ያላችሁ መምህራን አዳዲስ ሕንፃ ሲታቀድ ትጠየቃላችሁ። ስለ አልጋ ቁጥርና ስለ ኦክስጅን መስመር ስትናገሩ ስለ መስኮቱም ጠይቁ። እርግጥ ሰፊ መስኮት አደጋም አለው። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሕመምተኛ ከፎቅ እንዳይወድቅ፣ ሰው ሊወጣበት የሚችል መስኮት ከ100 ሚሊሜትር በላይ እንዳይከፈት ይደረጋል።  መብራት በሚቋረጥበት ቦታ ግን ስንዝር የማትሞላ ክፍተት ለቲቢ ዎርድ አትበቃም። መፍትሔውን አሮጌዎቹ ግንበኞች ያውቁታል፤ እጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ሰፊ የአየር መስኮት፣ ከታች ላለው ደግሞ የብረት ፍርግርግ። አርክቴክቱን "ይከፈታል ወይ?" ብቻ አትበሉት። "እጀታው ሲሰበር የት ይገኛል? ማን ይቀይረዋል?" በሉት።

እኛ ደግሞ፣ የባች ጓደኞቼ፣ ብዙዎቻችን ዛሬ የዎርድ፣ የዲፓርትመንት፣ የክሊኒክ ኃላፊዎች ነን። ነገ ጠዋት ሥራ ስትገቡ፣ ቻርት ከማንሳታችሁ በፊት አንዱን የመስኮት እጀታ ይዛችሁ አዙሩት። ከዞረ እሰየው። ካልዞረ ማን እንደሚጠግነው ጠይቁ። "ማንም" ካሏችሁ ጠጋኙ እናንተ ናችሁ። "ለጊዜው ይዘጋ" የሚል ቃል ከአፋችሁ ሊወጣ ሲል ግን ያቺን ኢንተርን አስቧት።

በነገራችን ላይ አዳራሹ ሞቋል። በስተቀኝ የተቀመጣችሁ፣ እባካችሁ ያንን መስኮት ክፈቱልን። የማይከፈት ከሆነም ንገሩኝ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ካቻቪቴ አለኝ።