ክራንች የያዘው አዛውንት

ዛሬ ስለ አንድ የድሮ ፊልም እናውጋ። «ዘ ዴይ ኦፍ ዘ ጃካል» ይባላል። ከፍሬድሪክ ፎርሳይት ልብ ወለድ ተነሥቶ፣ ፍሬድ ዚነማን ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ለእይታ የበቃ ነው። አንድ ቅጥር ነፍሰ ገዳይ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ተዋውሎ የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት ሻርል ደ ጎልን ሊገድል ይነሣል።

ደ ጎል እንዳልተገደሉ እናውቃለን። እንዲያውም የፊልሙ ታሪክ ካለቀበት ከነሐሴ 1955 ዓ.ም. ሦስት ዓመት ቆይተው አዲስ አበባ የጃንሆይ እንግዳ ሆነዋል። ታዲያ መጨረሻው የታወቀ ፊልም ከሁለት ሰዓት በላይ ምን ያስቀምጠናል?

የገዳዩ ሥራ ነዋ! ገጠር ወጥቶ ሐብሐብ ዛፍ ላይ ያንጠለጥላል። ይተኩሳል፣ የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር ትንሽ ያስተካክላል፣ ደግሞ ይተኩሳል። በመጨረሻ ፈንጂ ጥይት ሲያጎርሰው ሐብሐቡ ብን ይላል። ሙዚቃ የለ፣ ፉከራ የለ።

ከሁሉ የምወደው ግን ወደ ማለቂያው ነው። ፓሪስ በዓል ላይ ናት። ገዳዩ አንድ እግሩን አጥፎ አስሮ፣ ሜዳሊያ ደርድሮ፣ ጠመንጃውን ክራንቹ ውስጥ ሸሽጎ፣ እንደ ጦር ጉዳተኛ አዛውንት እያነከሰ ይመጣል። ፖሊሱ ወረቀቱን አይቶ ያሳልፈዋል። ይህን ለሐዋሳ ሰው ማብራራት አያሻም። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፍቼ ጫምባላላ፣ ጉዱማሌ አደባባይ በሕዝብ ሲሞላ፣ ሽማግሌዎቹ የቄጣላውን ጭፈራ እየመሩ ሲገቡ፣ መንገድ የማይለቅ ማን አለ? ዚነማን ገዳዩን ያሳለፈው በጉልበት ሳይሆን በሰው ጨዋነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ብሩስ ዊሊስን ይዞ የመጣው ቅጂ ግን መኪና የሚያህል መሣሪያ አንጋግቶ ይህን ብልሃት ጣለው።

እንከን አላጣበትም። ፈረንሳዩ ሁሉ እንግሊዝኛ ያንበለብላል፤ እሺ፣ ይለፍ። ሴቶቹ ግን ሰው አልሆኑም፤ አንዷ መኝታ ሰጥታ ትገደላለች፣ ሌላዋ ምስጢር ለመቅዳት ከባለሥልጣን ጋር ትተኛለች፣ በቃ። ኤድዋርድ ፎክስ ደግሞ ገዳዩን እንዲህ ሽክ አድርጎ ስለሚጫወተው፣ እንቅልፍ ያጣውን መርማሪ ሌቤልን ትቼ «እንዳይያዝ!» ስል ራሴን እይዘዋለሁ።

የሚከብደኝ ሌላ ነው። መንግሥት ራሱ ገዳዩን የቀጠሩትን ሴረኞች አንድ መልእክተኛ ጠልፎ በኤሌክትሪክ ያሰቃያል፤ ሰውዬው ይሞታል። ባለሥልጣኖቹ የተቀዳውን ጣር ደጋግመው እያዳመጡ አንዲት ቃል ይለቅማሉ። በዚያች ቃል ምርመራው ይቀጥላል፤ ስለ ሟቹ አንድም ሰው አይጠይቅም፣ ፊልሙም ጭምር።