የውሃ ቁንጫ መልክና ስም፦ አንድን ዝርያ ስለ መለየትና ስለ መግለጽ



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥኩት ፍጡር በዓይን እምብዛም የማይታይ ነው። ከሐይቅ የተቀዳ ውሃ በብርጭቆ አድርጋችሁ ወደ ብርሃን ብታነሡት፣ ሽቅብ እየዘለሉ ቁልቁል የሚወርዱ ነጥቦችን ታያላችሁ። የውሃ ቁንጫ የምንላቸው እነዚህን ነው። ስማቸውን ያገኙት ከዝላያቸው ነው እንጂ ቁንጫም አይደሉም፣ ከነፍሳትም አይመደቡም፤ ወገናቸው ከሸርጣንና ከሽሪምፕ ጋር ከክረስታሲያን ነው። በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፈውን ደቂቅ አልጌ አጣርተው ይበላሉ፤ እነርሱን ደግሞ ዓሣ ይበላቸዋል። እንግዲህ የአንድን ሐይቅ ጤንነት መርምሬ እናገራለሁ የሚል ሰው፣ ከሁሉ አስቀድሞ የትኛው የውሃ ቁንጫ በሐይቁ እንደሚኖር በትክክል ማወቅ ይኖርበታል።

ይህ ቀላል ይመስላል። ቀላል አለመሆኑን ለማሳየት ከአንድ ዝርያ ታሪክ ልጀምር።

እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ካርል ሉምሆልትዝ የተባለ ኖርዌያዊ አሳሽ፣ በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ከሚገኝ ኩሬ የደረቀ ጭቃ ወደ አገሩ ላከ። በክርስቲያኒያ፣ ማለትም በዛሬይቱ ኦስሎ፣ የነበረው የእንስሳት ሊቅ ጆርጅ ኦሲያን ሳርስ ጭቃውን ውሃ ውስጥ ነከረው። ከቀናት በኋላ በሕይወት ያሉ የውሃ ቁንጫዎች መዋኘት ጀመሩ። ምሥጢሩ በእንቁላላቸው ላይ ነው። ኑሮ ሲመቻት የዳፍኒያ እናት ያለ ወንድ ራሷን የሚመስሉ ሴቶችን ትወልዳለች። ችግር ሲመጣ ግን ወንዶች ይወለዳሉ፤ ከእነርሱ ጋር ተዳቅላ የምታፈራቸውንም እንቁላሎች በጀርባዋ በሚበቅል ኮርቻ መሰል ጠንካራ ሽፋን ውስጥ ታኖራቸዋለች። ያ ኮርቻ ድርቀትን ችሎ ለዓመታት ይቆያል።

ሳርስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ ከእነዚህ መካከል አንዱን ዝርያ ዳፍኒያ ሉምሆልትዚ ብሎ ሰየመው። ሥዕሉን ሣለ፤ መለያዎቹንም ዘረዘረ። ይህ ዝርያ ራሱ እንደ ጦር የሾለ ነው፤ የጅራቱ እሾህ የገላውን ያህል ሊረዝም ይችላል፤ በራሱ ግራና ቀኝ ያሉት ክንፈሮችም በሹል ጫፍ ያበቃሉ። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በቴክሳስና በሚዙሪ የውሃ ማጠራቀሚያዎች አንድ እንግዳ ዳፍኒያ ተገኘ። መርማሪዎቹ ከሌላ አህጉር የመጣ መሆኑን ሊለዩ የቻሉት ያ የቀድሞ መግለጫ በእጃቸው ስለ ነበረ ነው። መልካም መግለጫ ጸሐፊው ፈጽሞ ለማያያቸው ሰዎች እንዲህ ያገለግላል።

ይህ ዝርያ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በአፍሪካ በሰፊው ይኖራል፣ በጣና ሐይቅም ይገኛል። እኔም የተዋወቅሁት ገና ተማሪ ሳለሁ ነበር፤ ትውውቃችንም በስሕተት ጀመረ።

ከአንድ ሐይቅ ያመጣሁትን ናሙና በማይክሮስኮፕ ስመለከት ሁለት መልክ አየሁ። ገሚሶቹ ረጅም የራስ ቁር የደፉ ነበሩ፤ የቀሩት ራሳቸው ድቡልቡል፣ እሾሃቸውም አጭር ነበር። እኔም ሁለት ዝርያ ብዬ ቆጠርኋቸው፤ ለወራት በሁለት ዓምድ መዘገብኋቸው፤ ሰንጠረዡም ታተመ። በኋላ ግን የግሪንን የ1967 ጥናት አነበብሁ። ግሪን በአልበርት ሐይቅ የሚኖሩት ቁር ያላቸውና የሌላቸው መልኮች የአንዱ የዳፍኒያ ሉምሆልትዚ ልዩ ልዩ ገጾች መሆናቸውን፣ ስርጭታቸውም ከዓሣ አዳኝነት ጋር እንደሚያያዝ አስረድቷል። ከዚያም ወዲህ የተደረጉ የቤተ ሙከራ ሥራዎች፣ ይህ ዝርያ በውሃው ውስጥ የዓሣ ጠረን ሲሰማው ቁሩንና እሾሁን እንደሚያስረዝም አሳይተዋል። ትንሽ ዓሣ ረጅም እሾህ ያለውን መዋጥ ይቸገራል። እኔ ሁለት ዝርያ ያልኋቸው የአንዲት እናት ልጆች ሊሆኑ ይችሉ ነበር።

ተቃራኒውም ስሕተት አለ። ፍራንዝ ላይዲግ እ.ኤ.አ. በ1860 በጀርመን አገር ያጠናው ዳፍኒያ ፑሌክስ በዓለም እጅግ ከታወቁት የውሃ ቁንጫዎች አንዱ ነው። በ2011 የመጀመሪያው የክረስታሲያን ሙሉ ጂኖም በዚሁ ስም ታተመ፤ ከ30,000 በላይ ጂኖች ተቆጠሩበት። ነገር ግን ጂኖሙ የተገኘው ከሰሜን አሜሪካ ዳፍኒያ ነው። የሰሜን አሜሪካውና የአውሮፓው ደግሞ በመልክ እጅግ ቢመሳሰሉም፣ በዘር ሐረግ የተለያዩ መሆናቸውን የዘረመል ጥናቶች አረጋግጠዋል። በመጀመሪያው ምሳሌ አንዱ ፍጡር ሁለት ስም አገኘ፤ በሁለተኛው ሁለት ፍጡራን በአንድ ስም ተጠሩ።

ታዲያ መግለጫ ምን ሊይዝ ይገባዋል? በመጀመሪያ፣ አንዲትን ሴት ብቻ ሳይሆን ልጅና አዋቂን፣ ወንድንና ኮርቻ የተሸከመችን ሴት ማየት ያሻል። ሁለተኛ፣ እንደ ቁር ከወቅትና ከአዳኝ ጋር በሚለዋወጥ ነገር ላይ አለመመሥረት፤ ይልቁንም በኋላ ሆድ ጥፍር ላይ ያሉትን የማበጠሪያ ጥርሶች፣ የፊተኛውን አንቴና ቅርጽና የኮርቻውን አሠራር መመርመር ነው። ሦስተኛ፣ የሚቶኮንድሪያ ዘረመልን ከመልክ ጋር አስተያይቶ ማቅረብ፤ አንዱ ሌላውን ያርመዋል እንጂ አይተካውም። አራተኛ፣ ዓይነተ ናሙናውን ማኖር። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ደንብ ከ1999 ወዲህ ለሚወጣ አዲስ የዝርያ ስም ይህን ግዴታ አድርጎታል፤ ስሙን የሚሸከመው ናሙና ተለይቶ መጠቀስ አለበት፣ በየትኛው ስብስብ እንደሚቀመጥም መገለጽ አለበት።

ይህን አራተኛውን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። ስሕተቴን በተረዳሁ ጊዜ ሰንጠረዡን ላርም ወደ ጠርሙሶቼ ተመለስሁ። ናሙናዎቹ ነበሩ፤ መለያ ጽሑፋቸው ግን አልነበረም። በብዕር የጻፍሁት ቀለም በአልኮሉ ሟሙቶ ወረቀቶቹ ነጭ ሆነው ቀርተዋል። የትኛው ጠርሙስ ከየትኛው ዳርቻ፣ በየትኛው ወር እንደ ተቀዳ የሚያውቅ የለም። ሁለቱን ዓምዶች ደምሬ አንድ ማድረግ እችል ነበር፤ ነገር ግን ከድቡልቡሎቹ መካከል በእውነት ሌላ ዝርያ ኖሮ እንደ ሆነ ዛሬ ማንም ሊመሰክር አይችልም። ያ ሰንጠረዥ እንደ ታተመ አለ። አንዳንድ ጊዜ ተጠቅሶ ሳየው አፍራለሁ።

ውድ ተማሪዎች፣ የምንጠቀምባቸው የመለያ መጻሕፍት አብዛኞቹ የተጻፉት የሌላ አህጉር ውሃ ታይቶ ነው። በእነርሱ እየተመራን በሐይቆቻችን ላይ የአውሮፓ ስም ስንለጥፍ፣ ስሙ ልክ ላይሆን እንደሚችል እያሰብን ይሁን። ስማችንን የሚመረምርና የሚያርም ሰው በኋላ ይመጣል፤ እርሱ ሊያርመን የሚችለው ግን ናሙናውን ካገኘ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ አንድ ነገር ያዙልኝ፤ መለያውን በእርሳስ ጻፉ፣ ቦታውንና ቀኑን አትርሱ፣ ወረቀቱንም ከጠርሙሱ ውጭ ሳይሆን ውስጥ አኑሩት።