በግድግዳ ላይ ስለሚሠራ መደርደሪያና ስለ ቤት ዕቃ ማኖሪያ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የቀረበ ንግግር)



 ከኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ሳይንስና ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክ ሰፊ ነገር አሰምተዋችኋል። የኛ ርእስ ግን ዝቅ ያለ ነው፤ ስለ መደርደሪያ እንናገራለን። አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ ከዚህ ሆነን እናያለን። ግድ የለም፤ እኛም አስቀድመን ስቀንበታል።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። ከመካከላችን አንዱ፥ ስሙን እንዳንጠራ ለምኖናል፥ የሁለት ዓመት የፊዚክስና የሒሳብ ማስታወሻውን በካርቶን አድርጎ ከአልጋ ሥር አኑሮ ነበር። ሊያጠና ባወጣው ጊዜ ካርቶኑ ከላይ ሲያዩት ደኅና ነው፤ ከሥሩ ግን ምስጥ ገብቶ ደብተሮቹን እንደ ወንፊት በሳስቷቸዋል። የድሬዳዋን ሙቀትና የድሬዳዋን ምስጥ የማያውቅ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። ጓደኛችን ነገሩን እየሳቀ አወራን፤ ነገር ግን ፈተናው ቀርቦ ነበርና ሳቁ ብዙ አልቆየም። ተራ ገብተን ማስታወሻውን ስንገለብጥለት ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ከዚያ በኋላ ነው «ደብተርህን ለምን ከመሬት አኖርኸው?» ብለን የጠየቅነው። እርሱም «እንግዲያስ የት ላኑረው? መጥታችሁ እዩ» አለን።

ሄደን አየን። ቤቱ ከደቻቱ ወንዝ ብዙ የማይርቅ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ነው። እናቱ፥ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፥ ጉልት ቸርቻሪ ናቸው፤ እርሳቸውና ሦስት ልጆቻቸው እዚያው ይኖራሉ። አልጋው፥ የሽንኩርቱ ጆንያ፥ የከሰሉ ምድጃ፥ የውኃው ጀሪካን፥ የልብሱ ሻንጣ ሁሉም ወለሉ ላይ ተሰልፏል። የጋዙ ጠርሙስ ከዱቄቱ ዕቃ ጋራ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ያውም ትንሿ ልጅ እጇን ብትዘረጋ በምትደርስበት ቦታ። ሰው የሚያልፍበት መንገድ ከሁለት ጫማ አይበልጥም። አራቱ ግድግዳዎች ግን ከአንድ የቀን መቁጠሪያና ከአንድ መስተዋት በቀር ባዶአቸውን ቆመዋል። ወለሉ ለምን በዕቃ ሞልቶ ግድግዳው ሥራ ፈታ? በያንዳንዳችን ቤትም ነገሩ ከዚህ ብዙ የራቀ እንዳልሆነ ያን ዕለት ተገነዘብን።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የገጠር አያቶቻችን ከቤቱ ጋራ አብሮ የሚሠራ ዕቃ ማኖሪያ ያውቁ ነበር። ከግድግዳው ጋራ የሚለሰነው መደብ መቀመጫም መኝታም ነው፤ በጭቃና በጭድ የሚበጀው ጎታ እህሉን ከአይጥ ይጠብቃል፤ ከምድጃው በላይ ያለው ቆጥ ደግሞ ጢሱ ስለሚያገኘው ነቀዝ አይደፍረውም። ከዚህ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችውን ሐረርን ባየን ጊዜ ግን ይልቁን ተደነቅን። በጁገል ውስጥ ያለ የአደሬ ቤት ገብተን ነበር። በዋናው ክፍል ነደባ የሚባሉት ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች ተሠርተዋል፤ ከመግቢያው ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ውስጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አሥራ አንድ ጎድጓዳ ማኖሪያዎች ይገኛሉ። መጻሕፍቱ፥ ጽዋውና ሣህኑ በየቦታቸው ናቸው፤ ስፌቶቹ ከበላይ ተሰቅለዋል፤ ወለሉም ለሰው ተትቷል። የቤቱ እመቤት በጨለማም ቢሆን የሚፈልጉትን ዕቃ ሳይሳሳቱ እንደሚያነሡ ነገሩን። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ስትጻፍ የታየው ግንቧና በሮቿ ብቻ ሳይሆን እንዲህ ያለው ቤቷም ነው።

ስንመለስ መምህራችንን አስፈቅደን፥ ከአንድ መጋዘን የተጣለ የዕቃ መጫኛ እንጨት ለምነን፥ መጋዝና መዶሻ ተውሰን ሥራ ጀመርን። ከመካከላችን ሦስታችን በታችኛው ክፍል ሳለን በሚስዮን ትምህርት ቤት ውኃ ልክና ቱንቢ መያዝ ተምረን ስለ ነበር፥ እውነቱን ለመናገር፥ ራሳችንን እንደ ሙሉ አናጢ ቈጥረን ነበር።

የመጀመሪያውን መደርደሪያ በእማማ ቤት ከልጆቹ አልጋ በላይ ሰቀልነው። ሲያዩት ያምር ነበር። ደብተሮቹን፥ መጻሕፍቱንና አንድ የሸክላ ማሰሮ ደረደርንበት፤ እማማም ቡና አፍልተው መርቀው ሸኙን። በሦስተኛው ቀን ማታ መደርደሪያው ከነጭነቱ ወደቀ። ማሰሮው ትራሱ ላይ ተከሰከሰ። ሁለቱ ትንንሽ ልጆች ከደጅ ጎረቤት ቤት ነበሩ እንጂ፥ ከሩብ ሰዓት በኋላ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በዚህ ቦታ ስለ መደርደሪያ ለመናገር የሚደፍር ከኛ መካከል አይገኝም ነበር። በማግሥቱ ስንሄድ እማማ አልተቈጡም። «ልጆቼ፥ ለመሆኑ ግድግዳዬን ከማን ጋራ ተማክራችሁ ነው የበሳችሁት?» አሉ። ቢቈጡን ይሻለን ነበር። ለሁለት ሳምንት ያህል ወደዚያ ሰፈር መሄድ አፈርን።

ስሕተታችን የት እንደ ነበረ ለማወቅ ያገኘነውን አናጢ ሁሉ ጠየቅን፤ የፊዚክስ ደብተራችንንም ገለጥን። የተገለበጠውን ማለታችን ነው። ሁለት ጥፋት አገኘን።

የመጀመሪያው ብሎኑን ያስገባነው ጭቃው ውስጥ መሆኑ ነው። የጭቃ ቤት አጥንቱ የቆመው እንጨትና ማገሩ ነው፤ ጭቃው ልብሱ ነው እንጂ ሸክም አይችልም። ግድግዳውን በጣት አጥንት እያንኳኩ ሲሄዱ ድምፁ ከሚለወጥበት ዘንድ እንጨት አለ፤ በቀጭን ምስማር ተወግቶም ይረጋገጣል። ብሎኑ መያዝ ያለበት እርሱን ነው። የብሎኬት ግድግዳ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ የብሎኬቱ ውስጥ ባዶ ስለ ሆነ ፊሸር የሚባለው መሰኪያ ከነገሩ ጋራ የሚስማማ መሆን አለበት፤ በግምት የተመታ ምስማር ልስኑን ብቻ ይዞ ይወጣል። በኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ወላጆች ካላችሁ፥ የፎቁን ሸክም የያዘውን የአርማታ ምሰሶ ዕቃ ማኖሪያ ለመሥራት ብላችሁ ከቶ አታስፈልፍሉት።

ሁለተኛው ጥፋት የድጋፉ ማጠር ነው። ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ መደርደሪያ 20 ኪሎ ሲጫንበት የክብደቱ መካከል ከግድግዳው 15 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ድጋፉ ግድግዳው ላይ የሚይዘው ቁመት 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ላይኛው ብሎን በ60 ኪሎ ኀይል ወደ ውጭ ይጎተታል። ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ግን የሚጎትተው 10 ኪሎ ብቻ ነው። የኛ ድጋፍ ቁመቱ 5 ነበር! ይህን ሒሳብ በክፍል ውስጥ ሠርተን ሙሉ ነጥብ አግኝተንበታል፤ በግድግዳ ላይ ግን አላወቅነውም።

ከዚህ ጋራ ስለ መጻሕፍት ክብደት አንድ ነገር እንጨምር። አንድ ሜትር የሚሞላ የመጻሕፍት ረድፍ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል። ጣውላው በሁለት ድጋፍ መካከል ያለው ርዝመት እጥፍ ሲሆን፥ በያንዳንዱ ሜትር ያለው ጭነት ሳይለወጥ፥ ጉብጠቱ 16 እጥፍ ያህል ይሆናል። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ግን ጉብጠቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ 2 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ቺፕውድ ለመጻሕፍት የሆነ እንደ ሆነ ከ60 ወይም ከ70 ሳንቲ ሜትር በላይ ያለ ድጋፍ ባይዘረጋ ይሻላል። ቺፕውድ ውኃ ከነካውም ያብጣልና ከጀሪካን አጠገብ ቦታው አይደለም።

በሁለተኛው ጊዜ ወደ እማማ ቤት የሄድነው አስፈቅደን ነው። አልጋው በላይ ምንም አንሰቅልም ብለን ቃል ገባን። በበሩና በማዕዘኑ መካከል ያለውን ባዶ ግድግዳ መረጥን፤ ከወለል እስከ ጣራ አምስት እርከን ያለው ማኖሪያ አሰብን። እዚህም ላይ ሌላ ስሕተት አልቀረልንም። ስፋቱን ከላይ በአንድ ቦታ ብቻ ለክተን 109 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ አምስቱንም ጣውላ በ109 ቈረጥን። ታችኛው ወለል ላይ ሲደርስ ስፋቱ 112 ኖሯል። የጭቃ ቤት ይቅርና የድንጋይ ቤትም ማዕዘኑ ቀጥ ብሎ አይገኝም። ከላይ፥ ከመካከልና ከታች ለክቶ እያንዳንዱን ጣውላ በየልኩ መቍረጥ ይገባ ነበር። ክፍተቱን በቀጭን እንጨት ደፈንነው፤ የቀረበ ሰው ያየዋል።

ሁለቱ ታችኛ እርከኖች ለሽንኩርቱና ለከባድ ዕቃ ሆኑ፤ ከባዱ ከታች ሲሆን ማኖሪያው አይንገዳገድም፤ ቢሆንም ልጆች እንደ መሰላል ሊወጡበት ይችላሉና ከላይ ከቆመው እንጨት ጋራ በብሎን አጥብቀን አሰርነው። (ብቻውን የቆመ ቁም ሣጥን ያላችሁ ሁሉ ይህን ዛሬውኑ ብታደርጉ መልካም ነው።) ሦስተኛው እርከን የዱቄትና የቅመም ነው። ጋዙ ከምግቡ ተለይቶ የሚቈለፍ ትንሽ ሣጥን ተበጀለት። ከታች ከወለሉ ጥቂት ከፍ አደረግነው፤ ከጀርባውም ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት ተውን። ምስጥ ወደ ላይ አይወጣም ማለት አይደለም፤ የጭቃ መንገድ ሠርቶ ይወጣል፤ ነገር ግን ክፍተት ካለ መንገዱ በዓይን ይታያልና ይጠረጋል።

አራተኛው የደብተር ነው። ስለ አምስተኛው ተከራከርን። እኛ ለጌጥ ዕቃ አስበነው ነበር፤ እማማ ግን «እሱን ለወረቀቴ ተዉልኝ» አሉ። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ በከተማችን ከ200 የሚበልጥ ሰው ሲሞት እኛ ገና አልተወለድንም ነበር። እርሳቸው በሕይወት ተረፉ፤ የጋብቻ ወረቀታቸው፥ የሟች ባለቤታቸው ፎቶግራፍና የቤቱ ሰነድ ግን ከአልጋ ሥር በሻንጣ ነበሩና ውኃው ወሰዳቸው። ሰነዱን እንደገና ለማውጣት ስንት ጊዜ እንደ ተመላለሱ ሲነግሩን እንጨቱን እየላግን ዝም ብለን ሰማን። ውኃው በዚያን ሌሊት የደረሰበትን ቦታ በእጃቸው አሳዩን፤ ከደረታቸው ጥቂት ዝቅ ይላል። መደርደሪያ ጎርፍ እንደማያቆም እናውቃለን። ቢሆንም አምስተኛው እርከን ከዚያ ምልክት አንድ ክንድ ከፍ ብሏል፤ ወረቀቱም በላስቲክ ተጠቅልሎ በቆርቆሮ ሣጥን ተቀምጧል።

ከዚያ ወዲህ በሰባት ቤት ሠርተናል። ገንዘብ እንቀበል አንቀበል በሚል በመካከላችን ጠብ ነበር፤ የብሎንና የቫርኒሽ ዋጋ ብቻ እንድንቀበል ተስማምተናል። ከወላጆቻችን አንዱ ደግሞ «ልጄን ያስተማርሁት እንጨት ይላግ ብዬ አይደለም» ብለው ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጻፉ። ሄደን በአክብሮት አነጋገርናቸው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ ማወጃቸውንም አነሣን፤ እርሳቸውም «አዋጁን አውቃለሁ፤ የፈተናው ውጤት ግን በአዋጅ አይመጣም» አሉን። ይህ መልስ እስከ ዛሬ ያስቸግረናል። አልተስማሙም፤ ልጃቸው ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻ እንዲመጣ ፈቅደዋል። ዛሬም ከመካከላችሁ ተቀምጠው እናያቸዋለንና እናመሰግናቸዋለን።

ከዚህ አዳራሽ በስተ ኋላ፥ በመስኮቱና በበሩ መካከል፥ ለቤተ መጻሕፍቱ የሠራነው መደርደሪያ ቆሟል። ንግግሩ ሲያበቃ ሄዳችሁ እዩልን፤ ብሎኖቹንም እየነካካችሁ መርምሩልን። ነገር ግን በስተ ቀኝ ያለው ጎን ቫርኒሹ ገና አልደረቀምና የበዓል ልብስ የለበሳችሁ እናቶቻችን እንዳትደገፉት አደራ እንላለን።