የመኪና ፍሬን ሕመምና ምልክቶቹ



መኪና ያለው ሰው ሁሉ ስለ ሞተሩ ኃይልና ስለ ነዳጁ ወጪ መናገር ይወዳል፤ ስለ ፍሬኑ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። መኪና አልነሣ ያለ እንደ ሆነ ባለቤቱ ከሥራው ይዘገይ ይሆናል እንጂ የከፋ ጉዳት አያገኘውም። አልቆም ያለ እንደ ሆነ ግን ጉዳቱ ከባለቤቱ አልፎ በመንገድ ለሚሻገረው ሕፃንና ሽማግሌ ሁሉ ይተርፋል። ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን በዕረፍት ቀኑ እጅጌውን ሰብስቦ የመኪናውን ፍሬን በገዛ እጁ ለማበጀት ለሚነሣ ባለመኪና ነው። በገዛ እጅ መሥራት የሚያስመሰግን ነው፤ የሚያስወቅሰው ሕመሙን ሳይለዩ መፍቻ ማንሣት ነው። ሐኪም መድኃኒት ከማዘዙ በፊት የበሽተኛውን የልብ ትርታ እንደሚያዳምጥ፥ ባለመኪናም አንድ ቡሎን ከመፍታቱ በፊት በእግሩ ሥር ያለውን ፔዳል ማዳመጥ ይገባዋል።

አስቀድመን የፍሬንን አሠራር እንመልከት። ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው መቶ ዓመት እንዳስረዳው፥ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የሚደረግ ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይተላለፋል። የቤት መኪና ፍሬንም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ማስተር ሲሊንደር የሚባለው ክፍል የፍሬኑን ዘይት ይገፋል፤ ዘይቱም በቀጭን ቱቦ ወደ ጎማዎቹ ደርሶ የፍሬኑን ሸራ ከዲስኩ ወይም ከታምቡሩ ጋር ያጣብቀዋል። ዘይት ቢጫኑት አይጨመቅም ለማለት ይቻላል፤ አየር ግን ይጨመቃል። ይህን የተረዳ ሰው የፔዳሉን ቋንቋ ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

አንደኛ፤ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስና ደጋግመው ሲረግጡት ከፍ እያለ የሚመጣ እንደ ሆነ፥ በዘይቱ ውስጥ አየር መግባቱን መጠርጠር ነው። ለስላሳ ሳይሆን በመጀመሪያው ርግጫ ጠልቆ በሁለተኛው ጠንክሮ የሚቆም ከሆነ ግን፥ ብዙ ጊዜ የታምቡሩ ሸራ ከታምቡሩ ርቋልና ማቀራረብ ያሻል።

ሁለተኛ፤ ፔዳሉን ረግጠው ሲይዙት ቀስ እያለ የሚሰምጥ እንደ ሆነ፥ ወይ ዘይት በአንድ ስፍራ ይፈሳል፥ ወይም በማስተር ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጎማ አርጅቷል። ከጎማዎቹ በስተውስጥ፥ ከቱቦዎቹና ከፔዳሉ በላይ ርጥበት ፈልጉ። ርጥበት ካልተገኘና የዘይቱ መጠን ካልጎደለ፥ ጥርጣሬው በማስተር ሲሊንደሩ ላይ ይወድቃል።

ሦስተኛ፤ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ መኪናው በቀላሉ አልቆም ሲል፥ ለእግር ኃይል የሚያግዘውን ክፍል መርምሩ። ሞተሩን አጥፍታችሁ ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ርገጡ፤ ከዚያም እግራችሁን ሳታነሡ ሞተሩን አስነሡ። ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ካለ አጋዡ ደኅና ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ ወደ እርሱ የሚሄደውን የአየር ቱቦ ተመልከቱ።

አራተኛ፤ መኪናው ሲቆም ወደ አንድ ወገን የሚስብ እንደ ሆነ፥ መጀመሪያ የጎማዎቹን ነፋስ ለኩ። ነፋሱ እኩል ከሆነ፥ በአንዱ ጎማ ሸራው ዘይት ወይም ግራሶ ነክቶታል፤ አለዚያም ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ተጣብቋል። ዘይት የጠጣ ሸራ ቢያጥቡት የታመነ አይሆንም፤ መለወጥ አለበት፤ ሲለወጥም የግራና የቀኙ አብሮ ይለወጣል።

አምስተኛ፤ ፔዳሉ በከተማ ደኅና ሆኖ በረዥም ቁልቁለት ላይ የሚለሰልስና ሲቀዘቅዝ የሚመለስ ከሆነ፥ ዘይቱ ፈልቷል ማለት ነው። ብዙዎቹ የፍሬን ዘይቶች ከአየር ውስጥ ርጥበት ይስባሉ። ዶት 4 የተባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዳይፈላ የተወሰነ ሲሆን፥ ርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ይህ ወሰን ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ሰው ያረጀ ዘይት ይዞ ፍሬኑን ያለ ዕረፍት ቢረግጥ፥ እንፋሎቱ እንደ አየር ሆኖ ፔዳሉን ባዶ ያደርግበታል። ስለዚህ በቁልቁለት በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ፥ ዘይቱንም የመኪናው መጽሐፍ በሚያዘው ጊዜ መለወጥ ይገባል።

ሕመሙ ከታወቀ በኋላ ወደ ሥራው እንግባ። መኪናውን በደልዳላ ስፍራ አቁሙ፤ በማይነሡት ጎማዎች ሥር ድንጋይ ወይም እንጨት ጣሉ፤ በክሪክ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ሥር ከቶ አትግቡ፥ ጠንካራ የብረት መቆሚያ አድርጉለት። የፍሬኑን ትቢያ በትንፋሽም ሆነ በአየር አትንፉት፤ በቀድሞ ሸራዎች ውስጥ ሳንባን የሚጎዳው አስቤስቶስ ነበረና በርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። የሞተር ዘይት በፍሬን ዘይት ስፍራ አይጨመርም፤ የውስጡን ጎማዎች አሳብጦ ፍሬኑን በሙሉ ያበላሻል። የፍሬን ዘይትም የመኪናን ቀለም ይበላልና በፈሰሰበት ቶሎ በውኃ ይታጠብ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለዚህም ሥራ ይስማማል።

አየር ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው በጎማው ዘንድ ያለውን የአየር ማስወጫ ጥቂት ይከፍታል፤ ዘይቱም ጫፉ በዘይት ውስጥ በተነከረ ቱቦ ወደ ጠርሙስ ይወርዳል። የረገጠው ሰው እግሩን የሚያነሣው ማስወጫው ከተዘጋ በኋላ ብቻ ነው። የዘይት ማጠራቀሚያውም ባዶ እንዳይሆን ተጠባበቁ። ከየትኛው ጎማ እንደሚጀመር የመኪናው መጽሐፍ ይናገራል። ባረጀ መኪና ከፔዳሉ ሥር አንድ እንጨት ማኖር መልካም ነው፤ ፔዳሉ ከልማዱ በላይ ሲጠልቅ የማስተር ሲሊንደሩ ጎማ በዛገው ስፍራ ላይ ተፍቆ ሊቀደድ ይችላል።

ብዙ ጊዜ ዘይት አፍስሶ ፔዳሉ አሁንም ለስላሳ የሆነበት ሰው ተስፋ ከመቁረጡ በፊት አንድ ነገር ይመልከት። የግራውና የቀኙ ካሊፐር ተቀያይረው የገቡ እንደ ሆነ የአየር ማስወጫው ወደ ታች ይዞራል፤ አየር ግን ወደ ላይ የሚወጣ ነውና ቀኑን ሙሉ ቢደክሙ ከውስጥ አይለቅም። ማስወጫው ሁልጊዜ በላይ በኩል መሆን አለበት።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ልናገር። አዲስ ሸራ ሲገባ ፒስተኖቹ ወደ ኋላ ተገፍተዋልና የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ሥራው እንዳለቀ፥ መኪናው ገና ሳይንቀሳቀስ፥ ፔዳሉ እስኪጠነክር ድረስ ደጋግማችሁ ርገጡ። ቀጥሎም ሞተሩን አስነሥታችሁ ፔዳሉን አጥብቃችሁ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ያዙ፤ ቢሰምጥ መኪናው ከግቢ አይወጣም። ባይሰምጥ የጎማውን ቡሎኖች መጥበቅ አረጋግጡ፤ የእጅ ፍሬኑም እንደሚይዝ ፈትኑ፤ ከዚያ በኋላ በሜዳ ላይ በሰው እርምጃ ፍጥነት እየሄዳችሁ አቁሙ። ብቻውን ዕቃ የለወጠ ሰው ሥራውን ገና አልፈጸመም፤ ሥራው የሚፈጸመው መኪናው ሲቆም ነው።

የእጃችንንም ወሰን እንወቅ። ሸራ መለወጥና አየር ማስወጣት ለተጠነቀቀ ሰው አይከብድም። የዛገ የብረት ቱቦ፥ የሰመጠ ማስተር ሲሊንደር፥ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ብልሽት ግን የባለሙያ ድርሻ ነው። እንዲህ ያለውን መኪና ወደ ጋራዥ እየነዱ ሳይሆን በመኪና ላይ ጭኖ መውሰድ ይገባል። የጭነቱ ዋጋ ቢከብድም ከአንድ ሰው ሕይወት ጋር አይመዛዘንም።

እንግዲህ ነገ ጧት ወደ ቢሮ ከመነሣታችሁ በፊት ፔዳሉን አንድ ጊዜ ረግጣችሁ ያዙት፥ የሚነግራችሁንም ስሙት። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፥ ምልክቱን ዛሬ ያዳመጠ ነገ በአደባባይ አይደነግጥም።