የማይሰማው የአንጎል ጉዳትና የሰበካችን ድርሻ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፤

አረጋውያን ወላጆቻችን የኤምአርአይ ምርመራ ሲያደርጉ፣ «በአንጎል ነጭ ክፍል ላይ ለውጥ ታይቷል» የሚል ውጤት የሚደርሳቸው ጥቂቶች አይደሉም። ብዙ ቤተሰብም «የእርጅና ነው» ብሎ ይተወዋል። ዕድሜ ድርሻ ቢኖረውም፣ ነገሩ ግን ችላ የሚባል አይደለም።

ነጩ ክፍል የአንጎልን ክፍሎች እርስ በርስ የሚያገናኙ የነርቭ ክሮች ስፍራ ነው። የደም ግፊት ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ቀጫጭኑን የደም ሥሮች ያደነድናል፤ የተጎዳውም ስፍራ በምስሉ ላይ ነጥቶ ይታያል። ሰውየው ምንም ላይሰማው ይችላል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የበርካታ ጥናቶች ግምገማ፣ ለውጡ በታየባቸው ሰዎች ላይ የስትሮክ ሥጋት ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚደርስ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ግፊትን አጥብቆ መቆጣጠር የለውጡን መስፋፋት እንደሚያዘገይ አመልክቷል።

ኤምአርአይ ከአብዛኞቹ አጥቢያዎቻችን ሩቅ ነው፤ የግፊት መለኪያ ግን በጤና ጣቢያ ይገኛል። ስለዚህ ምእመናን ግፊታቸውን እንዲለኩ እንምከር። ከሁሉ በላይ፣ በጠበልም ሆነ በጾም ወቅት ማንም ሐኪሙን ሳያማክር ኪኒኑን እንዳያቋርጥ የንስሓ አባቶች ይንገሩልን። ምእመናን ከእኛ ይልቅ የእናንተን ቃል ይሰማሉና።