ቀብድ ወይስ አድቫንስ? ስለ እንግሊዝኛ የንግድ ቃላት
(በደብረ ማርቆስ በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «የእንግሊዝኛ የንግድ ቃላት» የሚል ነው። በመጀመሪያ ቃላቱን በተርታ ጽፌ፣ በአንጻራቸው የአማርኛ ፍቺያቸውን አስቀምጬ ላቀርብላችሁ አስቤ ነበር። ኋላ ግን አንድ ነገር ሐሳቤን አስለወጠኝ፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜዬን ለአንድ ቃል እሰጣለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚሁ ከደብረ ማርቆስ አካባቢ ጤፍ እየሰበሰቡ ወደ አዲስ አበባ የሚልኩ አንድ ነጋዴ የውል ረቂቅ ይዘው ወደ እኔ መጡ። «መምህር፣ እስቲ ይህችን ቃል ይፍቱልኝ» ብለው ጣታቸውን ያሳረፉበት መስመር፣ ገዢው 50,000 ብር «አድቫንስ» እንደሚከፍል ይናገራል። እኔም ሳላመነታ «ቀብድ ማለት ነው» አልኋቸው። አመስግነውኝ ሄዱ። ማታ ቤቴ ገብቼ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ስገልጥ ግን የተሳሳተ ፍቺ እንደ ሰጠኋቸው ተረዳሁ።

የውጭ ቃል በገበያችን መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ በየጁቤ አካባቢ የነበረው የባሶ ገበያ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲራራ ነጋዴዎች ዐባይን እየተሻገሩ ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ የሚያወርዱበት፣ የሚያሳፍር ቢሆንም ሰውም በባርነት የሚሸጥበት ስፍራ ነበር። እንዲህ ያለ ገበያ ባለበት አገር ቃልም እንደ ዕቃው ድንበር ይሻገራል። «ደላላ» እና «ሐራጅ» ከዐረብኛ፣ «ፊርማ» ከጣልያንኛ፣ «አክሲዮን» ከፈረንሳይኛ መጥተው ዛሬ የትውልድ አገራቸውን የሚጠይቃቸው የለም። ስለዚህ «ቼክ» ወይም «ፕሮፎርማ» በተባለ ቁጥር ቋንቋችን ረከሰ እያሉ ከሚያዝኑት ወገን አይደለሁም። ዕቃው አዲስ ሲሆን ስሙም አብሮት ቢመጣ አያስከፋም። የሚያሳስበኝ አዲሱ ቃል ነባሩን አስነሥቶ ሲቀመጥና ነባሩ ተሸክሞት የኖረውን ግዴታ ሳይረከብ ሲቀር ነው።

ቀብድ ከእነዚህ ነባር ቃላት አንዱ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቅ በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት ሊቁ ረኔ ዳቪድ ናቸው፤ ወደ አማርኛ የመለሱት ሰዎች ግን በዚህ ቦታ ላይ አዲስ ቃል ሳይፈጥሩ ገበያተኛው የሚያውቀውን ወስደዋል። ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ያሉት አንቀጾች እንደሚደነግጉት፣ ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ካላደረጉ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ቀብዱን ለቆ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል፤ የተቀበለውም እጥፉን መልሶ ሊያፈርስ ይችላል።

እንግዲህ ይህን በነጋዴው ውል ላይ እናስበው። ክረምት ገብቶ ጤፍ ቢወደድና ነጋዴው ለሌላ ልሽጥ ቢሉ፣ 50,000 ብሩ ቀብድ ከሆነ 100,000 ብር መልሰው ነጻ ይሆናሉ። ቅድሚያ ክፍያ ብቻ ከሆነ ግን ገንዘቡ ከዋጋው ላይ አስቀድሞ የተከፈለ አካል ነው። ውሉ ቢፈርስ የሚመለሰው ያው 50,000 ብር ነው፤ እጥፍ የሚባል ነገር የለም። ዳሩ ግን ገንዘቡን መልሶ መሰናበትም አይቻልም፤ ገዢው ውሉ ይፈጸምልኝ ወይም ጉዳቴ ይካስ ብሎ ሊከስ ይችላል። ጤፍ በረከሰ ጊዜም ገዢው በበኩሉ በቀብድ ቢሆን 50,000 ብሩን ትቶ መሄድ ይችል ነበር፤ በቅድሚያ ክፍያ ግን አይችልም። ቀብድ እንግዲህ ማሰሪያም መውጫም ነው፤ አድቫንስ መውጫው የለውም። እኔ በአንድ ትንፋሽ «ማለት ነው» ያልኩት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነበር።

«ዲፖዚት» የሚለው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። በባንክ ሲሆን ተቀማጭ ነው፤ ዕቃ አስቀምጥልኝ ሲባል አደራ ነው፤ ለቤት ኪራይ ሲሰጥ መያዣ ነው፤ በሽያጭ ላይ ሲሆን ወደ ቀብድ ይጠጋል። በእንግሊዞች ልማድ ግን ገዢው ቢያፈርስ ዲፖዚቱን ያጣል እንጂ ሻጩ ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል የሚል ደንብ የለም። ይህን ቃል በአንድ የአማርኛ ቃል ፈትቶ ለተማሪ የሚሰጥ መምህር፣ ሳያውቅ በሰው ገንዘብ ላይ ይፈርዳል።

«ዲል» ስለሚባለው ብዙ አልናገርም። ለአባቶቻችን ዲል ያለው ድግስ ብቻ ነበር። ወጣቶቹ «ዲል አድርገናል» ሲሉ ግን ዋጋ መነጋገራቸውን፣ መስማማታቸውን ወይስ መፈራረማቸውን ለማወቅ መልሶ መጠየቅ ያስፈልጋል። አማርኛ ክርክሩን፣ ስምምነቱንና ውሉን በየስማቸው ይጠራል፤ ይህን ልዩነት በአንድ ቃል ስንደመስስ በችሎት ፊት የምናስረዳው ይጠፋናል።

እንግሊዝኛ የምናስተምር ሰዎች እንዲህ ያለውን ቃል ስንፈታ፣ «ነገሩ ቢበላሽ ገንዘቡ በማን እጅ ይቀራል?» የሚለውን ጥያቄ አብረን ብናስተምር ምን ይመስላችኋል? ለተማሪው ከአሥር የቃላት ዝርዝር ይልቅ ይህ የሚጠቅመው ይመስለኛል። ሒሳብ ሠራተኞችም ቢሆኑ ደረሰኝ ሲጽፉ «አድቫንስ» ከማለት በፊት ውሉን ቢመለከቱ መልካም ነው።

በማግስቱ ነጋዴውን ፈልጌ አገኘኋቸውና ስሕተቴን ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ታዲያ ለእኔ የትኛው ይሻለኛል?» ብለው ጠየቁኝ። ይህ የቋንቋ ጥያቄ አይደለምና መልስ አልነበረኝም። እርሳቸው ግን ወዲያው ወደ አዲስ አበባ ደውለው ከገዢው ጋር ረጅም ክርክር ገጠሙ። በመጨረሻ «አድቫንስ» የሚለው ተሰርዞ «ቀብድ» ተብሎ ተጻፈ፤ ገንዘቡም በገዢው ጥያቄ ወደ 30,000 ብር ዝቅ አለ።